ለስላሳውን ተውክ እንበል፤ ሻዩስ?

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የ38 ዓመት የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ነኝ፤ የምሠራው ከሳሪስ ስታዲየም ነው። ባለፈው ሰሞን ባዶ ሆዴን ስኳር ተለክቼ 112 ሆነ። ሐኪሙ "በሽታ አልሆነም፣ ግን ጠርዙ ላይ ነህ፤ ለስላሳ ተው" አለኝ። በቀን ሁለት ጠርሙስ እጠጣለሁ፤ አንዱን ከምሳ ጋር፣ ሌላውን እንቅልፍ ሲመጣብኝ። ውሃ ላይ የለሁበትም። ሹፌር ውሃ ከጠጣ ሽንት ቤት ከየት ያመጣል? ሌላ ነገር አላበዛም። ጠዋት ቦምቦሊኖ፣ ከዚያ ሻይ ነው፤ አምስት ብርጭቆ ቢሆን ነው፣ በሦስት ማንኪያ። ለስላሳውን በጁስ ልተካው አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ "ሌላ ነገር አላበዛም" የምትለዋ ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ። ድሮ እኔም እንዲሁ ነበር የምለው።

እስኪ እንቁጠር። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 32 ግራም ገደማ ስኳር አለ። በሻይ ማንኪያ ስምንት ነው። ሁለቱ ጠርሙስ 16 ማንኪያ ሆነ። ሻዩ ደግሞ አምስት ብርጭቆ በሦስት፣ 15። አየህ? ሐኪሙ የከለከለህና አንተ "ሻይ ነው" ብለህ ያለፍከው እኩል ሊሆኑ አንድ ማንኪያ ቀራቸው። ያውም ማንኪያዋን ልሙጥ አድርጌ፣ በ4 ግራም ቆጥሬልህ ነው። ከሻይ ብቻ በወር 1 ኪሎ ከ800 ግራም ትጨርሳለህ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ50 ግራም አይለፍ፣ ቢቻል 25 ይሁን ይላል። አንተ 120 አልፈሃል፤ ቦምቦሊኖው ሳይቆጠር።

እኔ የሌሊት ተረኛ ሳለሁ በአራት ማንኪያ ነበር የምጠጣው። ያውም ታካሚ እየመከርኩ! በአንዴ ልተው ብዬ ሦስት ቀን ራሴን ሲያመኝ ሰነበተ፤ በአራተኛው ቀን ተመለስኩበት። በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ ቀነስኩ፣ ቅርንፉዱንና ቀረፋውን ጨመርኩ። አሁን ግማሽ ማንኪያ ላይ ነኝ። ከዚያ በታች የምወርድም አይመስለኝ። አንተም ከሻዩ ጀምር። ሻይ ቤት ስትገባ ግን "ስኳሩን ለብቻው" በል፤ አለዚያ ጨምረውበት ነው የሚያመጡልህ።

የሽንቱ ነገር እውነት ነው፣ አልቀልድብህም። ግን ሻዩም ለስላሳውም እኮ ፈሳሽ ነው። ሊትር ሙሉ በአንዴ አትገልብጥ፤ ተራ ስትጠብቅ ሁለት ሦስት ጉንጭ በል። ጋዙ ከሆነ የሚናፍቅህ፣ አምቦ ውሃ በሎሚ አለልህ፤ ስኳር የለውም። ብርዝ "የተፈጥሮ ነው" ሲሉህ ግን አትሸወድ። ማርም ስኳር ነው። እንቅልፉን ደግሞ ለስላሳ አያባርርልህም፤ መኪናዋን ጥግ አስይዘህ ሃያ ደቂቃ ጋደም በል። ተሳፋሪዎችህም ይመርቁሃል።

በቦምቦሊኖው ፋንታ ቆሎ። ገብስና ሽምብራ የተቀላቀለበት ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ቀስ ተብሎ ነው የሚታኘክ፣ ሆድም ይይዛል። የምትሸጥ ሴት እዚያው ተራችሁ ላይ አትጠፋም፤ ረዳትህን ላከው። ማለዳ ላይ ትኩስ ንፍሮ ካገኘህማ ሌላ ነገር አትመኝ። ለውዝ ጥሩ ነው፣ ጨው የበዛበትን ብቻ ተወው።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሰህ ተለካ። 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው ይደገምልሃል፤ ከጸና የስኳር በሽታ ነው። የውሃ ጥሙና ሽንቱ ከበዛብህ፣ ክብደትም ከቀነስክ ግን ሦስት ወሩን አትጠብቅ።

ጁሱን በተመለከተ፣ አንድ ቀን ጁስ ቤት ቆመህ ሲሠራ እየው። አቮካዶው ላይ ስኳር ይገባል፣ ከላይ ቪምቶ ይፈስበታል። ስፕሪስ ካማረህ በሳምንት አንዴ፣ ያለ ስኳር፣ ያለ ቪምቶ፣ በሎሚ ብቻ እዘዝ። መጀመሪያ ቀን ልጅቷ ደግማ ትጠይቅህ ይሆናል።