ሙከራው ሲያልፍ ምን አለፈ?

ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚገለገሉበትን የዳታቤዝ ላይብረሪ መሥራት ለጀመራችሁ ወጣቶች፣ ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ከቆየሁ በኋላ የምነግራችሁ አንድ ነገር፣ ሲወድቅ በዓይናችሁ ያላያችሁትን አውቶማቲክ ሙከራ፣ ማለትም ኮዱ በትክክል መሥራቱን የሚፈትሽ አጭር ፕሮግራም፣ አትመኑ የሚል ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። በወጣትነቴ ሦስት ረድፎችን ወደ ሠንጠረዥ አስገብቶ መልሶ የሚያነብና ረድፎቹ በገቡበት ቅደም ተከተል መምጣታቸውን የሚያረጋግጥ ሙከራ ጽፌ፣ ለወራት ያለ እንከን አለፈ። አንድ ቀን ሙከራው ለዳታቤዙ የሚያቀርበው ጥያቄ የሚፈልጋቸውን ዓምዶች በሙሉ የያዘ ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ሲጨመር ግን ወደቀ፤ እኔም ላይብረሪው ተበላሸ ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ በኮዱ ውስጥ ስባዝን ዋልኩ። ለካ በጥያቄው ላይ ረድፎቹን ደርድር የሚለውን ትእዛዝ፣ ኦርደር ባይን፣ አልጻፍኩም ኖሯል፤ የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው ኤስኪውኤል ደግሞ ይህ ካልተጻፈ ረድፎቹ በምን ቅደም ተከተል እንደሚመጡ ቃል አይገባም። ለወራት ስፈትን የኖርኩት ላይብረሪው ያልገባውን ቃል ነበር።

ስለዚህ ሙከራ ከመጻፋችሁ በፊት ፋንክሽኑ ለተጠቃሚው የገባውን ቃል አንብቡ፤ ሲሳካ የሚመልሰውን ብቻ ሳይሆን ሳይሳካ የሚመልሰውንም ጭምር። ነል (ምንም ዋጋ አለመኖሩን የሚያመለክተው ምልክት) እና ባዶ ጽሑፍ ተለይተው ይመለሳሉን? በተዘጋ ግንኙነት ላይ ጥያቄ ቢላክ ግልጽ የስህተት ኮድ ይመጣል ወይስ ፕሮግራሙ ይሞታል? ትራንዛክሽን (በአንድነት የሚጸድቁ ወይም የሚሰረዙ ለውጦች) መጽደቁን ስትፈትኑም ውጤቱን ከሌላ ግንኙነት አንብቡ፤ ምክንያቱም አንድ ግንኙነት ራሱ የጻፈውን ገና ሳይጸድቅም ስለሚያየው፣ የማጽደቂያው ፋንክሽን ምንም ባይሠራ እንኳ ሙከራችሁ ያልፋል።

ስለ ውድቀት መንገድ ካነሳሁ ኤስኪውላይትን ሳልጠቅስ አላልፍም። በ2000 ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ይህ የዳታቤዝ ላይብረሪ፣ በ2023 በወጣው 3.42.0 እትሙ 155.8 ሺህ ያህል የኮድ መስመሮች ሲኖሩት የሙከራ ኮዱ የዚህ 590 እጥፍ ነበር። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሠሪዎቹ የሜሞሪ እጥረትን የሚፈትኑበት ዘዴ ነው፦ አንዱን ሥራ ደጋግመው እያስኬዱ በመጀመሪያው ዙር የመጀመሪያውን የሜሞሪ ጥያቄ፣ በሁለተኛው ዙር ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያሉ ሥራው አንድም እክል ሳያገኘው እስኪጠናቀቅ ድረስ ሆን ብለው ያከሽፋሉ። በማናቸውም መሥሪያ ቤት ቢሆን፣ ለዚህ የሚያስፈልገው የሜሞሪ መስጫውን ፋንክሽን በራሳችሁ መተካትና አንድ ቆጣሪ ማኖር ብቻ ነው።

መቶ በመቶ የኮድ ሽፋን አገኘን ብላችሁም አትዘናጉ፤ ሽፋን መስመሩ መሮጡን እንጂ ውጤቱ መመርመሩን አይነግራችሁም። ይህን ለማወቅ እኔ የምከተለው ዘዴ ቀላል ነው፤ ሙከራውን ጽፌ እንደጨረስኩ ወደ ላይብረሪው ኮድ ገብቼ አንዱን «ያንሳል» «ያንሳል ወይም እኩል ነው» አደርገዋለሁ፣ ወይም አንዱን ቅድመ ሁኔታ ገልብጬ ሙከራውን አስኬዳለሁ። አሁንም ካለፈ ሙከራው ገና አልተጻፈም ማለት ነው። ያበላሻችሁትን መልሳችሁ ማስተካከሉን ግን አትርሱ፤ እኔ አንድ ማታ ረስቼ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ በማግስቱ ጠዋት ያጋለጠኝ ያው የዋዜማው ሙከራ ነበር።