ክንዱ ስለታጠፈ ጅማቱ ደኅና ነው ማለት አይደለም

አብሽሪ እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። የ44 ዓመቱ ወንድምሽ ኮምቦልቻ ላይ ከአይሱዙ ሲሚንቶ ሲያራግፍ ቀኝ ክርኑ ላይ «ቋ» የሚል ነገር ተሰማው። በማግስቱ ክንዱ ጠቆረ፤ ጡንቻውም ወደ ላይ ተሰበሰበ። ዛሬ 6ኛ ቀኑ ነው። እጁን ማጠፍ ስለሚችል ወጌሻው «ጅማቱ ዞሯል፣ ትንሽ ልሸው ይመለሳል» ብሏል። ሐኪም ቤት እንሂድ ወይስ እንጠብቅ ነው ያልሽው።

አትጠብቁ። ነገ ጠዋት ሂዱ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መካኒክ ነኝ። ግን ይህቺ ጅማት፣ ማለትም የክንዱን የፊት ጡንቻ (ባይሴፕስን) ከክርን በታች የምታያይዘው፣ በራሴ ክንድም በእህቴ ልጅ ክንድም ተበጥሳ አይቻለሁ። እኔ ዘገየሁ፤ እሱ አልዘገየም። ልዩነቱን በየቀኑ ስለማየው ነው እንዲህ አፌን ሞልቼ የምናገረው።

የእኔ የዛሬ 7 ዓመት ነው። ጋራዥ ውስጥ ከረዳቴ ጋር ካምቢዮ እያወረድን ነበር። የረዳቴ እግር የፈሰሰ ዘይት ላይ ተንሸራተተና ለቀቀው። ክብደቱ በሙሉ የታጠፈ ክንዴ ላይ መጣ። እንዳይወድቅ ብዬ ታገልኩት፤ እሱ አሸነፈና ክንዴን በግድ ዘረጋው። ያኔ ክርኔ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። አብዛኛውን ጊዜ የምትበጠሰው እንዲሁ ነው። ጡንቻው ለማጠፍ እየሳበ ሳለ ሸክሙ ወደ ታች ሲዘረጋው። በብዛት የሚደርሰውም ከ40 እስከ 60 ዓመት ባሉ ወንዶች ላይ ነው፤ ያውም በሚሠሩበት እጅ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የበለጠ ይጋለጣል። እኔ ያኔ በቀን አንድ ፓኮ አጨስ ነበር።

ሕመሙ በሁለት ሦስት ቀን ቀነሰ። እጄም ታጠፈ። ስለዚህ ናቅኩት። ሦስት ሳምንት ሙሉ በቅቤ ታሸሁ። ከዚያ አንድ ጤና ተቋም ሄጄ ራጅ ተነሣሁና «ስብራት የለህም» ተብዬ የሕመም ማስታገሻ ይዤ ተመለስኩ። እውነታቸውን ነው፣ ስብራት አልነበረኝም። ራጅ ግን ጅማት አያሳይም። ደሴ ወጥቼ የአጥንት ሐኪም ፊት ስቀመጥ 7ኛ ሳምንቴ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ ሥሎ አስረዳኝ። ባይሴፕስ የምንለው ጡንቻ ከላይ ትከሻ ላይ ሁለት ቦታ ይያያዛል። ከታች ግን አንዲት ጅማት ብቻ ናት ያለችው። ክርንን አልፋ፣ በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ላይ ትተከላለች። እሷ ከአጥንቱ ስትነቀል ጡንቻው እንደተለቀቀ ላስቲክ ወደ ላይ ይሸሻል። ወንድምሽ ላይ ያየሽው እብጠት እሱ ነው። ታዲያ ክንዱ እንዴት ይታጠፋል? ከባይሴፕስ ሥር ሌላ ጡንቻ አለ፤ ማጠፉን እሱ ይሠራዋል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። እኔም የተታለልኩት እዚህ ላይ ነው።

የባይሴፕስ ትልቁ ሥራ መዳፍን ወደ ላይ መገልበጥ ነው። ካልተሰፋ የማጠፍ አቅም ወደ 30 በመቶ፣ የመገልበጥ አቅም ደግሞ ወደ 40 በመቶ ይቀንሳል ይላሉ። እኔ በካቻቢቴ ልንገርሽ። ብሎን በቀኝ እጅ ስትፈቺ መዳፍሽ ወደ ታች ይዞራል፤ ስታጠብቂ ወደ ላይ ይገለበጣል። ዛሬም ብሎን መፍታት አይቸግረኝም። ሳጠብቅ ግን ሦስት አራት ጊዜ ካዞርኩ በኋላ ክንዴ ውስጡ ይዝላል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። የመጨረሻዋን ዙር ልጁን ጠርቼ ነው የማስጠብቀው። ኑሮዬ በዚህ እጅ ነው።

በ7ኛው ሳምንት ለምን አልተሰፋህም ትይኝ ይሆናል። ጊዜው ሲረዝም የሸሸው ጡንቻ ያጥራል፣ ጅማቷም በጠባሳ ትያዛለች። ስቦ አጥንቱ ጋ ማድረስ ብዙ ጊዜ ያቅታል። ያኔ ከሌላ ቦታ ጅማት ወስዶ መቀጠል ያስፈልጋል፤ ሥራው ከባድ ነው፣ ውጤቱም እንደ መጀመሪያው ላይሆን ይችላል። አዲስ አበባ ድረስ ሄጄ እንድሠራው ተነግሮኝ ነበር፤ አልሄድኩም። ቀዶ ሕክምናው ቢደረግ የሚመረጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ሳምንታት ውስጥ ነው። ወንድምሽ 6 ቀኑ ነው። ገና ብዙ ጊዜ አለው፤ ለሦስት ሳምንት እሽት የሚሆን ጊዜ ግን የለውም።

የእህቴ ልጅ ደሴ ሰኞ ገበያ እህል ሲጭን ነው የደረሰበት። ማታ ቤታቸው ስገባ ክንዱን በነጠላ ጠቅልሎ ተቀምጧል። መብራት ሥር አምጥቼ ሐኪሙ እኔ ላይ ያደረገውን ሞከርኩበት። አንቺም ሞክሪው። ክርኑን እንደ ማዕዘን ያጥፈው፣ መዳፉን ወደ ራሱ ፊት ይገልብጥ። ከዚያ ሌባ ጣትሽን ከውጭ፣ ማለትም ከአውራ ጣቱ በኩል፣ በክርኑ ማጠፊያ ላይ አስገቢና እንደ መንጠቆ ሳቢ። ደኅና ጅማት እንደ ተወጠረ ገመድ ጣትሽ ላይ ትንጠለጠላለች። ከውስጥ በኩል አትግቢ፤ እዚያ ሌላ ስስ ነገር አለና ያታልላል። መጀመሪያ ደኅናውን ክንድ ያዢ፣ ገመዷ ምን እንደምትመስል ጣትሽ ይወቃት። የልጁ ግራ እጅ ላይ ወዲያው አገኘኋት። ቀኙ ላይ ጣቴ ባዶ ሥጋ ውስጥ ገባ።

በነጋታው ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በአልትራሳውንድ ተረጋገጠ፤ ነገሩ ካልለየላቸው ኤምአርአይ ያዛሉ። በ9ኛው ቀን ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ከክርኑ ዝቅ ብለው ከፈቱ፣ ጅማቷን ፈልገው ሳቡ፣ አጥንቱን በስተው በጠንካራ ክርና የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል ብረት አሠሯት። በብሎን የሚያስሩም አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ቤተሰቡ ከአሁኑ ይወቀው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሳምንት ክንዱ በጀሶ ድጋፍ ይታሰራል። ከዚያ በፊዚዮቴራፒ ቀስ እያለ ይዘረጋል። ለ6 ሳምንት ያህል ከሻይ ብርጭቆ የከበደ ነገር አያነሣም። ማጠንከሪያ ስፖርቱ ወደ 3ኛው ወር ላይ ይመጣል፤ የጉልበት ሥራ ከ4 እስከ 6 ወር ይፈጃል። የእኛ ልጅ በ5ኛው ወር ኩንታል ነካ። የክንዱ ውጨኛ ገጽ ለጥቂት ወራት ደንዝዞበት ነበር፤ እዚያ የምታልፍ የስሜት ነርቭ አለች፣ ከሁሉም በብዛት የሚያጋጥመው እሱ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይመለሳል። ጣቶቹን ማቅናት ካቃተው ግን ያ ሌላ ነርቭ ነውና ቶሎ ለሐኪሙ ይነገር።

ከላይ አንድ ወንድማችን «አጎቴም ተበጥሶበት ያለ ኦፕሬሽን ድኗል» ብለዋል። አምናቸዋለሁ፤ ግን የአጎታቸው የትከሻው ጫፍ ይመስለኛል። የትከሻው ሲበጠስ ጡንቻው ወደ ክርን ወርዶ ይድቦለቦላል፤ ሁለተኛው ማያያዣ ስላለ ብዙ ሰው ሳይሠራው ይኖራል። የወንድምሽ ወደ ላይ ነው የሸሸው። ሁለቱን አታምታቱ።

ጅማቷ በከፊል ብቻ ተጎድታ ከሆነ ገመዷ ትገኛለች፣ ያማል እንጂ። ያኔ ዕረፍት፣ መድኃኒትና ፊዚዮቴራፒ ይሞከራል። በዕድሜ የገፋ፣ ከባድ ሥራ የሌለው ሰውም ላይሠራው ይችላል። ያንን ሐኪሙ ይወስን። ሲሚንቶ የሚሸከም የ44 ዓመት ሰው ግን ከነዚህ አይመደብም ባይ ነኝ።

ወጌሻውን ልሰድብ አይደለም። ወሎ ውስጥ ስንቱን ውልቃት መልሰዋል። ግን ከአጥንት የተነቀለ ጅማት በእሽት አይተከልም። በተለይ ያበጠ ክንድ ላይ ቀርቀሃ አድርገው አጥብቀው እንዳያስሩት። ደም ከቆመ እጁን ያሳጣል።

ዛሬ ክንዱን በሻሽ አንገቱ ላይ አንጠልጥሉት፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ያዙለት፣ ምንም ነገር አያንሣ። የጤና መድን ካላችሁ ጠዋት ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ያዙ። ከኮምቦልቻ ደሴ በሐረጎ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ በታክሲ ከአንድ ሰዓት አትበልጥም። «እጁ ተጎዳ» ብላችሁ አትግቡ። «የባይሴፕስ ጅማት ከክርን በኩል የተበጠሰ ይመስለናል፣ 6 ቀኑ ነው፣ የአጥንት ሐኪም ይየው» በሉ። ራጅ ብቻ አይተው «ደኅና ነው» ካሏችሁ አልትራሳውንድ ይታይልን በሉ፤ አትፈሩ።

ዛሬ ማታ በግራው ጀምረሽ ቀኙን ሞክሪና ገመዷን አገኘሽ አላገኘሽ እዚሁ ጻፊልኝ። እጠብቃለሁ።