ማን ነው የሚመርጠው? ከቱሉ ዲምቱ የንባብ ክበብ ጥያቄና መልስ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ያለው የንባብ ክበባችን በየዓመቱ የአጭር ልቦለድ ውድድር አለው። ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ መምህር ስለሆንኩ ዳኝነቱ እኔ ላይ ወድቆ አራት ዓመት ሆነው። ዘንድሮ ምዝገባ ሳይጀመር ኮሚናሉ ውስጥ ተሰብስበን "የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ" አልኩ። መብራት ሄዶ ስለነበር በስልክ ባትሪ ነው ያወራነው።

ቲቸር፣ ዳኞቹ የምር ሁሉንም ያነባሉ?

እኛ አዎ፣ ብዙ አይመጣልንማ። የእንግሊዙ የልቦለድ ሽልማት ቡከር ግን አምስት ዳኞች ይዞ በዓመት 150 ገደማ መጽሐፍ ይቀርብለታል። መጀመሪያ 12 ወይም 13 ይለያሉ፣ ከዚያ ስድስት፣ ከዚያ አንድ። በ2020 እ.ኤ.አ. የእኛዋ ደራሲ መዓዛ መንግሥቴ ከስድስቱ አንዷ ነበረች።

ካልተስማሙስ?

ይጨቃጨቃሉ። ቡከር በ1992 እ.ኤ.አ. ሽልማቱን ለሁለት ደራሲዎች ካካፈለ በኋላ "ሁለተኛ ማካፈል የለም" የሚል ደንብ ወጣ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዳኞቹ ደንቡን እያወቁ ጥሰው ለማርጋሬት አትውድና ለበርናርዲን ኤቫሪስቶ አካፈሉት። እኔ አልወደድኩላቸውም። ዳኛ የተቀመጠው ሊቆርጥ ነው።

ማርክ የምትሰጡት እንዴት ነው? አምና ያሸነፈው ታሪክ፣ ይቅርታ ቲቸር፣ እንቅልፍ ያመጣል።

ይቅርታ አያስፈልግም፣ እኔንም አስተኝቶኛል። ጥፋቱ የአማካይ ነው። ሦስት ዳኞች ነን። አንድ ደፋር ታሪክ መጣ እንበል። አንዱ ወዶት 95 ይሰጣል፣ ሌላው ተናዶ 40፣ ሦስተኛው 60። አማካዩ 65 ነው። ማንንም ያላስቀየመ፣ ማንንም ያላስደሰተ ታሪክ ደግሞ ከሦስታችንም 70 ያገኝና ያሸንፋል። አምና የሆነው ቁርጥ ይሄ ነው። እኔ 95 የሰጠሁት ታሪክ ወደቀ፣ አንድ ሳምንት አኩርፌ ከረምኩ። ስለዚህ ዘንድሮ ማርክ የምንጠቀመው መጀመሪያ ዙር ላይ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ዳኛ ከወደቁት ውስጥ አንድ ታሪክ የማዳን መብት አለው። የመጨረሻዎቹን አምስት ታሪኮች ግን የማርክ ወረቀቱን ወደ ጎን አስቀምጠን በክርክር እንለያለን። ያመሻል፣ ግን ይሻላል።

የጎረቤታችሁን ጽሑፍ ብታውቁትስ?

ስም አናይም፤ ጸሐፊያችን ቁጥር ሰጥታ ነው የምታቀርብልን። ግን እንዋሽ እንዴ? አንድ ብሎክ ላይ እየኖርን የሰው አነጋገር አይጠፋንም። ያወቀ ዳኛ ይናገርና በዚያ ታሪክ ላይ ድምፅ አይሰጥም።

ለኖቤል ራሴን መጠቆም እችላለሁ?

አይቻልም። ጠቋሚዎቹ የሥነ ጽሑፍ ኖቤልን የሚሰጠው የስዊድን አካዳሚ አባላት፣ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ ፕሮፌሰሮች፣ የቀድሞ ተሸላሚዎች፣ አገራቸውን የሚወክሉ የደራስያን ማኅበራት ፕሬዝዳንቶች ናቸው። የተጠቆመው ማን እንደሆነ 50 ዓመት በምስጢር ይያዛል። ስለዚህ "ተጠቁሜያለሁ" ብሎ የሚፎክር ካጋጠማችሁ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

በአማርኛ ብቻ የምጽፍ ሰው ውጭ መወዳደር እችላለሁ?

ያለ ተርጓሚ ከባድ ነው። ለአፍሪካውያን አጭር ልቦለድ የሚሰጠው የኬን ሽልማት በእንግሊዝኛ የታተመ ነው የሚቀበለው፤ የተተረጎመም ይሆናል። የሚልከውም አሳታሚው እንጂ ጸሐፊው አይደለም። በ2021 እ.ኤ.አ. ሜሮን ሃደሮ አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ስለሚጠርግ ወጣት በጻፈችው ታሪክ አሸንፋለች፤ የጻፈችው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ወደ እንግሊዝኛ ለተተረጎመ መጽሐፍ የሚሰጠው ዓለም አቀፉ ቡከር ደግሞ 50,000 ፓውንዱን ለደራሲውና ለተርጓሚው እኩል ያካፍላል። ይሄኛውን ማካፈል ወድጄዋለሁ! ስዋሂሊ የራሱ ሽልማት አለው፣ በ2014 እ.ኤ.አ. ማባቲ ኮርኔል ተብሎ የተጀመረ። እኔ በዚህ እቀናለሁ።

እኔን አምና ለምን ጣላችሁኝ?

የአንተ ሳይነበብ ነው የወደቀ፣ ልጄ። 3,000 ቃል ብለን 7,000 ላክህ። አትዘን፣ እኔም በወጣትነቴ አንድ ውድድር ላይ "ስም አይጻፍ" እየተባለ በየገጹ ግርጌ ስሜን ከነአባቴ ጽፌ ተጥያለሁ። ያኔ ዳኞቹ ጉቦ የበሉ መስሎኝ ነበር።

ሽልማቱ ስንት ብር ነው?

ብር የለም። መጻሕፍትና የምስክር ወረቀት ነው። ገንዘብ ያዣችን ከኋላ ተቀምጣለች፤ ካዝናው ውስጥ ስንት እንዳለ እሷን ጠይቋት፣ እኔ ሳቄ ይመጣል።