ለአምበላችን ሁለት ዓመት እንስጠው ወይ ላልከው

ሰላም ወንድምዓለም፣ ጥያቄህን ትናንት ማታ አይቼው ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ስልኬም ዘግቶ ስለነበር ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፍልህ፣ ቢረዝምብህ አትፍረድብኝ። ያልከው እንደገባኝ ከሆነ የከተማችሁ እግር ኳስ ክለብ ቦርድ ለመጪው ዓመት የተጫዋቾች ደመወዝ በድምሩ በወር ከ600 ሺ ብር እንዳያልፍ ጣሪያ አስቀምጧል፣ አምበላችሁ ደግሞ 34 ዓመቱ ነው፣ 9 ዓመት አገልግሏችኋል፣ አሁን የሁለት ዓመት ውል በወር 45 ሺ ይፈልጋል፣ ደጋፊው ስጡት ይላል፣ አሰልጣኙ ዝም ብሏል። የአሰልጣኙ ዝምታ ራሱ መልስ ነው ግን እሱን ወደኋላ እመጣበታለሁ።

እኔ ከማርቆስ ወደ ባህር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ከተማ (ስሟን ልተወው፣ ሰዎቹ አሁንም አሉ) የታችኛው ሊግ ክለብ ገንዘብ ያዥ ነበርኩ። ይቺ ጥያቄ ሁለት ጊዜ መጥታብኛለች፣ የመጀመሪያውን ጊዜ በደንብ አድርጌ አበላሽቻታለሁ።

2009 ክረምት ነው። የመሀል ተከላካያችን 33 ዓመቱ ነበር፣ ክለቡን ከታች ያመጣ ልጅ፣ ባጃጅ ነጂ ሁሉ ብር የማይቀበለው። ውሉ ሲያልቅ እኛ ጊዜ አለ ብለን ዝም አልን፣ ሰኔም ሐምሌም አለፈ፣ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት ባለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሽማግሌ ቤቴ ድረስ መጡ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ አንዱ የነፍስ አባቴ ናቸው። ተቀመጡ ስላቸው "እሺ ሳትለን አንቀመጥም" አሉኝ። የሚስት ጥያቄ በሽማግሌ ሲሄድ አውቃለሁ፣ የተከላካይ ውል በሽማግሌ ሲጠየቅ ግን የዛን ቀን ነው ያየሁት። እንግዲህ የነፍስ አባትህ ደጅህ ላይ ቆመው ምን ትላለህ፣ እሺ አልኩ፣ ተቀመጡ፣ በልተው ጠጥተው መርቀውኝ ሄዱ። ሰኞ ቦርዱን አሳመንኩና ሁለት ዓመት፣ በወር 20 ሺ ብር የተጣራ ብለን ፈረምን።

"የተጣራ" የምትለዋን ቃል ያዛት። ልጁ እጁ ላይ 20 ሺ እንዲገባ በያኔው የግብር ሠንጠረዥ ክለቡ የሚያወጣው 28 ሺ 460 ብር ገደማ ነበር፣ በሁለት ዓመት 683 ሺ ማለት ነው። እኔ ግን ለቦርዱ 480 ሺ ብዬ ነው ያቀረብኩት፣ ሒሳብ ተምሬያለሁ የምል ሰውዬ! ሠንጠረዡ ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፣ ከፍተኛው 35 በመቶ ግን እንዳለ ነው፣ ስለዚህ ያንተም አምበል 45 ሺ ያለው የተጣራውን ከሆነ ለናንተ 66 ሺ አካባቢ ነው፣ ከጣሪያችሁ ከ9 ብር አንዷ ለእሱ ወጣች ማለት ነው። የቀሩትን ሃያ ምናምን ልጆች በቀረው ታብቃቃለህ።

ከዛ የካቲት 2010 መጨረሻ ላይ የዚያ ተከላካያችን ጉልበት ሄደ። ማንም ሳይነካው፣ ኳስ ሊመልስ ዞሮ እዛው ቁጭ አለ። ወጌሻችን በረዶውን ይዞ ሮጠ፣ ማታ ካምፕ ስሄድ ግን ወጌሻው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ "ይቺ ጉልበት እኮ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በረዶ ሳላስይዛት ያደርኩበት የልምምድ ቀን የለም።" ለምን አልነገርከኝም ስለው "ማን ጠየቀኝ" አለ። እውነቱን ነው። ሽማግሌ ቤቴ ገባ፣ ቦርድ ተሰበሰበ፣ ደጋፊ ማህበር ተጠየቀ፣ ያን ጉልበት በየቀኑ በእጁ የሚነካውን ሰውዬ አንድ ሰው አልጠየቀውም።

የቀረው 18 ወር ነበር፣ ወደ 512 ሺ ብር። ቦርድ ውስጥ "ስለማይጫወት እናሰናብተው" ያሉ ነበሩ፣ አይሆንም። ውል ውል ነው፣ በፊፋም ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ካሰናበትከው የቀረውን ደመወዝ መነሻ አድርጎ ካሳ ያስከፍልሃል፣ ጉዳት ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ሌላም አለ፣ ብዙ ክለብ የማያውቃት፣ ፊፋ የውልን መጽናት በጤና ምርመራ ላይ ጥገኛ ማድረግ አይፈቅድም፣ "ፈርም፣ ምርመራውን ካለፍክ ውሉ ይጸናል" ማለት የለም። መጀመሪያ ታስመረምራለህ ከዛ ትፈርማለህ። ባህር ዳር ልካችሁ ጉልበቱንና ወገቡን አሳዩት፣ የምርመራው ብር ከአንድ ወር ደመወዙ አይበልጥም።

ክፉው ግን እሱ አይደለም፣ ከዛ በኋላ የመጣው ነው። በጀቱ ተሟጦ በ2011 ኅዳርና ታኅሣሥ ደመወዝ ሳንከፍል ሁለት ወር ሞላን። የ20 ዓመት የመስመር ተጫዋች ነበረን፣ ከገጠር አምጥተን ያሳደግነው፣ በወር 6 ሺ የሚበላ። ሁለት ወር ደመወዝ ያልተከፈለው ተጫዋች በጽሑፍ አስጠንቅቆ 15 ቀን ከሰጠና ካልተከፈለው ውሉን ማቋረጥ ይችላል፣ ደንቡ ነው፣ ልጁም ደብዳቤውን በእጅ ጽፎ አመጣልኝ፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ "ጋሼ ይቅርታ" እያለኝ። 15 ቀን ሞላ፣ ብር አላገኘንም፣ ሄደ። አንድ ብር ሳናገኝበት ሄደ። ለማይጫወተው ከፍለን የሚጫወተውን አጣን፣ እስካሁን የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ያው ትልልቆቹም ይሳሳታሉ ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። አርሰናሎች ካላችሁ (እኔም አንዱ ነኝ፣ ምን ይደረግ) የአጥቂውን የኦባሜያንግን አስታውሱ (እዚህ አንቀጽ ላይ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ ናቸው)፣ በ2020 በ31 ዓመቱ የሦስት ዓመት ውል ተሰጠው፣ በ2022 መጀመሪያ ውሉ በስምምነት ፈርሶ በነጻ ባርሴሎና ገባ። በዛው ክረምት ዊሊያን እዛው አርሰናል በ32 ዓመቱ ሦስት ዓመት ተሰጥቶት ባንዱ ዓመት አበቃ። ሪያል ማድሪድ ደግሞ አማካዩን ሞድሪችን እያየ አንድ አንድ ዓመት እየጨመረለት እስከ 2025 አቆየው፣ 39 ዓመቱ ድረስ። ሞድሪች ክብሩ የተነካ ይመስላችኋል? ባርሴሎናን እንኳን ተዉት፣ ደመወዙን ለነገ ለነገ ሲገፋ ከርሞ በ2021 የላሊጋ የወጪ ገደብ ሲይዘው ሜሲን የሚያክል ሰው ለመቆየት ተስማምቶ ሳለ ማስመዝገብ አቃተው፣ አዲስ ያመጣቸውን እነ ዴፓይን ለማስመዝገብ ራሱ ነባሩ ተከላካይ ፒኬ ደመወዙን መቀነስ ነበረበት። የአሜሪካኖቹ በእጅ የሚጫወቱት "ፉትቦል" ውስጥም ዛሬ የሰጡትን የፊርማ ብር እስከ 5 ዓመት በትነው የደመወዝ ጣሪያቸው ላይ ይጽፉታል፣ ሰውየው ቀድሞ ከወጣ ያልተጻፈው ተሰብስቦ ይመጣባቸዋል፣ ዴንቨር የሚባለው ቡድን ራስል ዊልሰን የሚባል ተጫዋቹን በ2024 ሲያሰናብት 85 ሚሊዮን ዶላር በሁለት ዓመት ጣሪያው ላይ ተቆጥሮበታል፣ ለሌለ ሰው። ይሄን የማነሳው "ደመወዙን ዝቅ አድርገን ፊርማውን ከፍ እናድርግለት" የሚል ሰው ቦርዳችሁ ውስጥ አይጠፋም ብዬ ነው። ፊርማም ብር ነው፣ ከዛችው በጀት ነው የሚወጣው።

ጥያቄዋ ሁለተኛ ጊዜ የመጣችብኝ በበረኛችን ነው፣ 35 ዓመቱ፣ ውሉ በ2011 ክረምት የሚያልቅ። ያኔ በነሐሴ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦችና ፌዴሬሽኑ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺ እንዳይበልጥ ብለው የተስማሙ ጊዜ ነው፣ እኛም ታች ሆነን ጣሪያ ጣሪያ ማለት ጀመርን። በነገራችን ላይ በነፍስ ወከፍ የሚደረግ ጣሪያ እኔ ብዙም አይመቸኝም፣ ሁሉም ጣሪያውን እንደ መብቱ ነው የሚያየው፣ የናንተ ቦርድ በድምር ማድረጉ ይሻላል።

በረኛውን በግንቦት ነው ያናገርኩት፣ ሽማግሌ ሳይላክ፣ ውድድሩ ሳያልቅ። እኔው ቤቱ ሄድኩ፣ ሚስቱ ቡና አፈላች፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ወረቀት አወጣሁና ያለንን ብር በሙሉ አሳየሁት፣ የማን ስንት እንደሆነ ሳይሆን ድምሩን። አንድ ዓመት፣ 12 ሺ የተጣራ፣ በገባበት ጨዋታ ሁሉ 1,500 ብር ተጨማሪ፣ በዛ ላይ የሲ ላይሰንስ የአሰልጣኝነት ኮርስ ሲከፈት ክለቡ ይከፍላል፣ እሱ ደግሞ ታዳጊውን በረኛ ያሠለጥናል። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዛ "ባለፈው ዓመት 16 ሺ ነበርኩ" አለኝ። አዎ አልኩት፣ የዘንድሮውን ነው የማወራው አልኩት፣ ላለፈው ዓመት ክለቡ ሌላ ነገር ያድርግልህ፣ ከደመወዝህ ላይ አትጠብቀው አልኩት። ሦስት ቀን አሰበና ፈረመ።

እዚህ ላይ ግን ሁሉም ነገር አማረልኝ እንዳልልህ፣ መጋቢት 2012 ኮሮና መጣና ኳስ ቆመ። የጨዋታ ብሩም አብሮ ቆመ። በረኛው ቢሮዬ መጥቶ "ኮሮናን እኔ አላመጣሁት" አለኝ፣ ምን እመልስለታለሁ፣ ብልጥ ነኝ ብዬ ያዘጋጀሁት ውል ጫናውን በሙሉ እሱ ላይ ነው የጣለው። በኋላ ቦርዱ ትንሽ ነገር ጨመረለት። ስለዚህ የጨዋታ ክፍያ ከጻፍክ ውድድሩ በሱ ጥፋት ባልሆነ ምክንያት ቢቆም ምን እንደሚከፈለው እዛው ጻፈው፣ ሁለት መስመር ናት።

አሁን ወደናንተ። ሁለተኛውን ዓመት የግድ ካለ በጨዋታ ብዛት እሰረው፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ጨዋታ ቋሚ ሆኖ ከገባ ይራዘማል በለው፣ ቁጥሩን ግን አሰልጣኙ ባለበት ተስማሙ፣ አለዚያ መጨረሻ ላይ አንድ ጨዋታ ሲቀረው ቦርዱ አሰልጣኙን አስቀምጠው ሊለው ይችላል፣ እንዲህ ዓይነት ነውር ሲሠራ አይቻለሁ። አሰልጣኙንም ብቻውን አግኘው። "ይፈርም ወይ" ብለህ አትጠይቀው፣ እሱ ደጋፊ ይፈራል። "መስከረም ላይ የምታሰልፋቸውን ቋሚ 11 ጻፍልኝ" በለው። አምበሉ የሌለበት ዝርዝር ከሰጠህ 66 ሺ ብር ለተቀያሪ ወንበር እየከፈልክ ነው። ካለበት ደግሞ ተጠንቀቅ፣ አሳንሰህ አትገምተው፣ እኛ ያ ተከላካይ ከተጎዳ በኋላ ብዙ ጎል ያስተናገድነው ልጆቹ አቅም አጥተው ሳይሆን ከኋላ ሆኖ የሚጮህባቸው ሰው ስላጡ ነው፣ እና ያ ጩኸት ዋጋ አለው፣ ስንት ነው ካልከኝ እንጃ፣ ለኔ ግን ከአንድ ወጣት ቋሚ ተሰላፊ ደመወዝ ትንሽ ቢበልጥ ነው እንጂ እጥፍ አይሆንም።

የ9 ዓመቱን ውለታ ደግሞ ደጋፊ ማህበሩ ይያዘው። እኛ ለተከላካያችን ዘግይተንም ቢሆን የስንብት ጨዋታ አዘጋጀንለት፣ የመግቢያው ብር ለሱ ሆነ፣ ደጋፊው አዋጥቶ ወይፈን ገዛለት፣ ወይፈኑ ሜዳ ሲገባ ጭብጨባውን ፈርቶ በማዕዘን በኩል አምልጦ ግማሹ ተመልካች እሱን ሲያባርር ነበር። ይሄ ከደመወዝ ጣሪያ አይቆጠርም፣ ማንም ልጅ ደመወዙን አላጣበትም።

አንድ ነገር ግን አልጻፍክልኝም፣ 45 ሺ ያለው የተጣራ ነው ወይስ ከነግብሩ? ከነግብሩ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፣ ለድርድር ቦታ አለህ። እሱንና ሌሎቹ ተከላካዮች ስንት እንደሚበሉ ጻፍልኝና ሒሳቡን አብረን እንሠራዋለን።