ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የባከነ ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ በ48 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት፤ በ51 ዓመቷ አረፈች። በቅርቡ በሬዲዮ፣ በከተማችን ከካንሰሮች ሁሉ ብዙ ዕድሜ የሚያባክኑት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር መሆናቸውን ሰማሁ። የባከነ ዕድሜ እንዴት ይቆጠራል? እኔስ ከዚህ ምን ልረዳ?

መልስ፦ የእናትዎን ነፍስ ይማር። የሟቾችን ቁጥር ብቻ ከያዝን የ85 ዓመት አዛውንትና ሕፃናት ትታ የምትሞት የ35 ዓመት እናት እኩል አንድ አንድ ሆነው ይቆጠራሉ። ስለዚህ ባለሙያዎች ዓመት ይቆጥራሉ። ሰው ሊኖር ይገባው የነበረው ማነጻጸሪያ ዕድሜ 80 ዓመት ቢሆን ከእናትዎ ብቻ 29 ዓመት ጎድሏል። በሕመም ያሳለፏቸው ዓመታት ደግሞ ከዜሮ እስከ አንድ በሚደርስ ሚዛን ተባዝተው ይጨመራሉ፤ ዜሮ ሙሉ ጤና ነው፣ አንድ ከሞት እኩል። የተሰራጨ ካንሰር ወደ ግማሽ ይጠጋል። ጡት መቆረጥ ግን የተሰጠው ከ0.04 በታች ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ነጠላዋን ከደረቷ ላይ ማንሳት ያቃታትን ሴት ሳይ ይህ ሚዛን አይዋጥልኝም።

የስሌቱ መነሻ በ2011 እ.ኤ.አ. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው የከተማዋ የካንሰር ምዝገባ ነው። መዝጋቢዎቹ ካርድ እየገለጡ የአዲስ አበባን ነዋሪ ከሌላው ይለያሉ። ሥራው አድካሚ ነው፤ ከክፍለ ሀገር ለሕክምና የመጣ ሰው ያረፈበትን የአክስቱን ወረዳ አድራሻዬ ብሎ ያስሞላል፤ ሐኪም ሳያየው ቤቱ የሞተው ደግሞ ከነጭራሹ አይመዘገብም።

ሁለቱ ካንሰሮች ብዙ ዕድሜ የሚያባክኑት ብዙ ሴት ስለሚይዙ ብቻ አይደለም። በለጋ ዕድሜ ይይዛሉ፤ ታካሚዋም ዘግይታ ትመጣለች። «እብጠቱን መቼ አዩት?» ስል «ከፋሲካ በፊት» የምትለኝ ሴት ፊቴ የተቀመጠችው በኅዳር ነው። «አላመመኝም፣ ተውኩት» ትላለች። የጡት ካንሰር እብጠት ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው።

ወደ እርስዎ ልምጣ። በሬዲዮ የሰሙት የከተማው ድምር ነው፤ የእርስዎን ዕጣ አይናገርም። እናቷ በጡት ካንሰር የታመመችባት ሴት ስጋቷ ከሌላው በእጥፍ ገደማ ይጨምራል፤ ያም ሆኖ አብዛኞቹ በበሽታው አይያዙም። እንዲህ ያለ የቤተሰብ ታሪክ ሲኖር ምርመራው በሽታው በእናት ላይ ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ያህል ቀድሞ ቢጀመር ይመከራል፤ ለእርስዎ በ38 ዓመትዎ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ማሞግራፊውን፣ ማለትም የጡት ራጅ ምርመራውን፣ ለሌላ ዓመት አያሳድሩት። የማኅፀን በር ቅድመ ካንሰር ምርመራም ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች በጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ በአሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ባለው አሲድ) የሚደረገው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ የእናትዎ የፓቶሎጂ (የዕጢው ናሙና ምርመራ) ውጤት ቤት ውስጥ ካለ ይዘውት ይሂዱ። እህት ካለችዎትም አብራችሁ ሂዱ።