ቤትሽ ሳይነቃነቅ የምክር ቤት አባልሽ ለምን ተቀየረ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ከ2008 ጀምሮ ጌተርስበርግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ቤት ውስጥ ነው የምትኖሪው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ያኔ ኮንግረስ ውስጥ የሚወክልሽ ክሪስ ቫን ሆለን ነበር። ቀጥሎ ጆን ዴላኒ መጣ፣ ከዚያ ዴቪድ ትሮን፣ አሁን ደግሞ ኤፕሪል ማክሌን ዴላኒ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው የአጎትሽ ልጅ ግን «የኛ ጄሚ ራስኪን ነው» ትልሻለች። የእናትሽ የቪዛ ጉዳይ ሲዘገይብሽ ወደ አንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ ደውለሽ «አድራሻሽ የኛ ዲስትሪክት (የምርጫ ክልል) ውስጥ የለም» ተባልሽ። እኔ ካለሁበት ሳልንቀሳቀስ ዲስትሪክቱ ወዴት ሄደ? ነው ጥያቄሽ።

መጀመሪያ አስቸኳዩን ልመልስ። አንቺ ያለሽው 6ኛው ዲስትሪክት ውስጥ ነው፣ ስለዚህ መደወል ያለብሽ ወደ ማክሌን ዴላኒ ቢሮ ነው። ስለ አንቺ ጉዳይ መንግሥት መሥሪያ ቤት እንዲጠይቁልሽ የፈቃድ ፎርም ያስፈርሙሻል። ያለ ፊርማሽ ምንም ማድረግ አይችሉም። የኬዝ ቁጥርሽን፣ የተላኩልሽን ደብዳቤዎችና ቀኖቻቸውን አዘጋጅተሽ ጠብቂ። ቪዛውን አያሰጡልሽም፣ ውሳኔም አያስቀይሩም። ግን ፋይሉ የት እንደቆመ ያጣሩልሻል፣ ይሄ ራሱ ብዙ ነው። ሌላው ደግሞ፣ ሁለቱ ሴናተሮች የመላው ስቴት ተወካዮች ስለሆኑ የዲስትሪክት መስመር የላቸውም። አንዷ አንጄላ አልሶብሩክስ ናት። ሌላው ራሱ ክሪስ ቫን ሆለን ነው፣ ከ2017 ጀምሮ ሴናተር ሆኗል። ስለዚህ የድሮው ሰውሽ ዛሬም ይወክልሻል።

ዲስትሪክትሽን ስትፈልጊ በዚፕ ኮድ ብቻ አትመኚ። አንድ ዚፕ ኮድ ለሁለት ዲስትሪክት ሊከፈል ይችላል። ሙሉ አድራሻሽን አስገቢ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ካየሻቸው ለውጦች ሁለቱ ተራ ነገር ናቸው። ጆን ዴላኒ ለፕሬዝዳንትነት እወዳደራለሁ ብሎ በ2018 ወንበሩን ተወ፣ ትሮን ተመረጠ። ትሮን በ2024 ለሴኔት ሞክሮ በፕራይመሪው (ፓርቲው እጩውን በሚመርጥበት ምርጫ) በአልሶብሩክስ ተሸነፈ፣ ወንበሩን የጆን ዴላኒ ባለቤት ኤፕሪል አሸነፈች። ሰው ይመጣል፣ ሰው ይሄዳል። የመጀመሪያው ለውጥ ግን እንደዚህ አይደለም። ቫን ሆለን አልሄደም፣ በዚያው በ8ኛው ዲስትሪክት እስከ 2016 ማብቂያ ድረስ ቆይቷል። የሄደው መስመሩ ነው። ሌሊት ሳይታወቅ የጎረቤት አጥር ተነቅሎ በሌላ በኩል እንደመተከል ነው። ያንን ማን እንደነቀለውና ለምን እንደነቀለው ማወቅ አለብን ብዬ አምናለሁ።

የኮንግረስ የተወካዮች ምክር ቤት 435 ወንበር አለው። በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠርና ወንበሮቹ ለስቴቶች ይደለደላሉ። ሜሪላንድ 8 ይደርሳታል። ከ1964 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ የአንድ ስቴት ዲስትሪክቶች የሕዝብ ቁጥራቸው እኩል መሆን አለበት። አሁን በሜሪላንድ አንዱ ወደ 770 ሺህ ሰው ይይዛል። ቁጥሩ ስለሚለዋወጥ መስመሩ የግድ ይነካል። እስከዚህ ድረስ ማንም ቅር አይለውም።

ችግሩ መስመሩን የሚያሰምረው ማን ነው የሚለው ነው። በሜሪላንድ የስቴቱ ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱን ደግሞ ዴሞክራቶች ይዘውታል።

ከ2010ሩ ቆጠራ በኋላ የሆነውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ያንቺ ቤት ያኔ ነው የዞረው። 6ኛው ዲስትሪክት ምዕራብ ሜሪላንድን፣ ተራራማውን አገር የያዘ ነበር። ሮስኮ ባርትሌት የሚባሉ ሪፐብሊካን ከ1993 ጀምሮ ይወክሉት ነበር። በቆጠራው የተገኘው ትርፍ ሕዝብ 10 ሺህ ገደማ ነው። ያንን ያህል ሰው ወደ ጎረቤት ማሻገር በቂ ነበር። የተደረገው ግን ወደ 360 ሺህ ሰው ማስወጣትና ወደ 350 ሺህ ሌላ ሰው ማስገባት ነው። የገባው ሰው በአብዛኛው ከሞንጎምሪ ካውንቲ ነው፣ ጌተርስበርግና ጀርመንታውን ያሉት ጎረቤቶችሽ ሁሉ። ውጤቱ ሪፐብሊካን መራጮች በ66 ሺህ መቀነስ፣ ዴሞክራቶች በ24 ሺህ መጨመር ሆነ። ባርትሌት በ2010 በ28 ነጥብ ልዩነት አሸንፈው ነበር። በ2012 በ21 ነጥብ ተሸነፉ። የስቴቱ ውክልና ከ6 ለ 2 ወደ 7 ለ 1 ዞረ።

የዚያን ጊዜው ገዥ ማርቲን ኦማሊ በኋላ በፍርድ ቤት ቃላቸውን ሲሰጡ አልካዱም። ዴሞክራት የመምረጥ ዕድሉ የሰፋ ዲስትሪክት ለመፍጠር አስበው እንዳደረጉት ተናግረዋል። ስለዚህ እህቴ፣ ያንቺ ሰፈር የተወሰደው ለድምፁ ተፈልጎ ነው።

8ኛውስ? ያንቺን ሰፈር ሲሰጥ ባዶውን መሙላት ነበረበት። ከፍሬድሪክና ከካሮል ካውንቲ ተቆርሶ ተሰጠው። ከዲሲ ድንበር ከታኮማ ፓርክ ተነስቶ እስከ ፔንሲልቬኒያ ድንበር ደረሰ። ሲልቨር ስፕሪንግ እንጀራ ቤት ያለው ሰውና የፔንሲልቬኒያ ድንበር ላይ ላም የሚያልብ ገበሬ አንድ ተወካይ ሆነላቸው። ገበሬው ድምፁ እንዲዋጥ ነው እዚያ የገባው፣ አንቺ ደግሞ ሌላውን ገበሬ እንድትውጪ ነው የተወሰድሽው።

ይሄ ካርታ በ2012 ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ እንደነበር ብዙ ሰው ረስቶታል። በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ 5ኛው ጥያቄ ነበር። እኔ በዚያ ምርጫ አማርኛ ተናጋሪዎችን ሳግዝ ነበር። ሰዉ የመጣው ለኦባማ ነው። ስለ ካዚኖው፣ ስለ ተመሳሳይ ጾታ ጋብቻው፣ ሰነድ የሌላቸው ልጆች ስለሚከፍሉት የኮሌጅ ክፍያ ሁሉም የራሱ አቋም ነበረው። 5ኛው ጋ ሲደርሱ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይሉኛል። ጽሑፉ መስመሮቹ ሕገ መንግሥቱ በሚያዘው መሠረት በአዲሱ ቆጠራ እንደተሰመሩ ብቻ ነው የሚለው። ካርታው የለም። ምን ከምን እንደተቆረጠ አይናገርም። 64 በመቶ ገደማ ደገፈው፣ አለፈ። ዛሬም ያ ጥያቄ ያናድደኛል። ሰው ያላየውን ነገር «እሺ» እንዲል ተደረገ።

8ኛው ላይ መስመር ሰውን ሲጥል ያየነው ግን ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። ከኔ ጋር የመጣው ትውልድ ኮኒ ሞሬላን ያስታውሳል። ከ1987 እስከ 2003 የ8ኛው ተወካይ ነበሩ። ሪፐብሊካን ናቸው፣ ሰፈሩ ዴሞክራት ነው፣ ግን በየሁለት ዓመቱ ያሸንፉ ነበር። ለምን? ሰዉ ያውቃቸዋል፣ ከፓርቲያቸውም ይለያሉ። በ2002 የኢራቁን ጦርነት ከተቃወሙት 6 የምክር ቤቱ ሪፐብሊካኖች አንዷ ነበሩ። በምርጫ ሊጥሏቸው ያልቻሉት ዴሞክራቶች ከ2000ው ቆጠራ በኋላ፣ ፓሪስ ግሌንደኒንግ ገዥ ሳሉ፣ ካርታውን ነኩት። ዴሞክራት የሚበዛባቸው የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሰፈሮች ወደ 8ኛው ገቡ። ቫን ሆለን በፕራይመሪው የኬኔዲ የእህት ልጅ የሆነውን ማርክ ሽራይቨርን አሸነፈ፣ በኅዳር ሞሬላን በ4 ነጥብ ገደማ ረታ። ቫን ሆለን ጎበዝ ተወካይ ሆኗል፣ ይሄንን አልክድም። ግን በአሮጌው መስመር ቢሆን ሴትየዋ ይወድቁ ነበር ብዬ አላስብም። ከሁለቱም ፓርቲ ሰው ሲመርጥ የኖረ ዲስትሪክት ነበር። ከሞሬላ በፊት ማይክል ባርንስ የሚባል ዴሞክራት፣ ከሱ በፊት ደግሞ ኒውተን ስቲርስና ጊልበርት ጉድ የሚባሉ ሪፐብሊካኖች ይዘውታል። ከ2002 ወዲህ ግን በኅዳር ምርጫ የሚያሰጋ ፉክክር አላየንም።

ፍርድ ቤት የት ነበር ትይኝ ይሆናል። የ6ኛው ነዋሪዎች ክስ መሥርተው ብዙ ዓመት ተከራከሩ። በ2018 ሦስት ፌዴራል ዳኞች ፈረዱላቸው። በሰኔ 2019 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የእነሱን ጉዳይ ከኖርዝ ካሮላይና ጉዳይ ጋር አይቶ፣ 5 ለ 4፣ ለፓርቲ ጥቅም የተሰመረ ካርታ የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም አለ። ኖርዝ ካሮላይና ላይ ካርታውን የሠሩት ሪፐብሊካኖች ናቸው፣ እኛ ጋ ዴሞክራቶች። ቅድም የነገርኩሽን ቁጥሮች ዳኛ ኤሌና ኬገን በተቃውሞ ሐሳባቸው ላይ ዘርዝረዋቸዋል።

ከዚያ በኋላ በሩ የተከፈተው በስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። በታኅሣሥ 2021 ምክር ቤቱ ገዥው ላሪ ሆጋን ያልፈቀዱትን አዲስ ካርታ በድምፅ ብልጫ አሳለፈ። በመጋቢት 2022 ዳኛ ሊን ባታግሊያ፣ የሜሪላንድን ሕገ መንግሥት ጠቅሰው፣ ካርታውን ሻሩት። በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ተሠራ፣ ሆጋንም ፈረሙበት። ፕራይመሪው ከሰኔ ወደ ሐምሌ ተገፋ። አሁን የምንኖርበት መስመር ያ ነው። ካርታው ፊት እንደነበረው የተበጣጠሰ አይደለም። 8ኛው ገበሬዎቹን ለቆ በአብዛኛው ሞንጎምሪ ውስጥ ተሰበሰበ፣ ከፕሪንስ ጆርጅስም ትንሽ ይዟል። ፍሬድሪክ ካውንቲ ሙሉውን ወደ 6ኛው ሄደ። ያንቺ ጌተርስበርግ ግን እዚያው 6ኛው ውስጥ ቀረ። ለዚህ ነው የአጎትሽ ልጅና አንቺ በአንድ ካውንቲ፣ በሁለት ዲስትሪክት የምትኖሩት።

የኔን አቋም ልናገር፣ ቅር የሚለው ይኖራል። አብዛኞቻችን እዚህ አካባቢ ዴሞክራት ነው የምንመርጠው፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ግን የኛ ፓርቲ ሲያደርገው ልክ፣ ቴክሳስ ሲያደርገው ወንጀል ሊሆን አይችልም። ቴክሳስ በ2025 ቆጠራ ሳይመጣ ለሪፐብሊካን 5 ወንበር ለመጨመር ካርታ ለወጠች። ካሊፎርኒያ በኅዳር ሕዝቡን ጠይቃ አጸፋውን መለሰች። አጸፋው ይገባኛል። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መሀል ቤቱን ሳይለቅ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚወረወረው እንደ አንቺ ያለ ሰው ነው። ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደግሞ እንደኛ ያለ ትንሽ ማኅበረሰብ ነው። በ2018 ለኤች አር 128 (ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት ለኮንግረስ ለቀረበው የውሳኔ ሐሳብ) ስንሯሯጥ ቢሮዎቹ ስልክ አንስተው መጀመሪያ የሚጠይቁን አድራሻችንን ነበር። አንድ ላይ ያለን ሰዎች ሦስት ቦታ ስንከፈል በየቢሮው የምንሰማው እንደ ጥቂት ሰው ነው። ዲሲ ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ይባስ፣ እዚያ ድምፅ መስጠት የሚችል ተወካይ ጭራሽ የለም። ኢስተርን አቬኑን ተሻግሮ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባ ሰው ነው የሚያገኘው።

ምን እናድርግ ላልሽው፣ ከኔ ልምድ ሁለት ነገር እላለሁ። ቆጠራውን አትዝለሉ። በ2020 ፎርም ላይ ጥቁር የሚለው ሥር ለምሳሌነት ከተጻፉት አንዱ «ኢትዮጵያዊ» ነበር፣ የአማርኛ መመሪያም ተዘጋጅቶ ነበር። እኔ በር ለበር ስዞር ግን «ስማችንን ለምን ይፈልጉታል?» የሚል ፍርሃት ነው የገጠመኝ። አንድ ምድር ቤት ውስጥ አራት ሰው እየኖረ አንድ ብቻ ይሞላል። ካርታ የሚሠራው ሰው የሚያየው በዚያ ወረቀት ላይ ያለውን ነው። ሜሪላንድ እስረኛን እንኳ እስር ቤቱ ባለበት ሳይሆን በቀድሞ አድራሻው ነው የምትቆጥረው።

ሁለተኛው ፕራይመሪው ነው። መስመሩ እንደዚህ ከተሰመረ 8ኛው ላይ ወሳኙ ምርጫ ኅዳር አይደለም። በ2016 ራስኪን ወንበሩን ያገኘው በፕራይመሪው ነው፣ ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ የራሱን ገንዘብ ያፈሰሰውን ያንኑ ትሮንን አሸንፎ። ሜሪላንድ ውስጥ በፓርቲ ፕራይመሪ የሚመርጠው በዚያ ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። የኛ ሰው ሲመዘገብ «ፖለቲካ ውስጥ አልገባም» ብሎ የፓርቲውን ቦታ ባዶ ይተዋል። በፕራይመሪው ቀን ሥራ አስፈቅዶ፣ ተሰልፎ ይመጣል። የሚሰጠው ወረቀት ላይ ግን የትምህርት ቦርድ ተወዳዳሪዎች ብቻ ናቸው ያሉት። ያንን ሲያዩ ፊታቸው ሲለወጥ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ በዕለቱ ምንም ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ የስቴቱ የምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስምሽንና የልደት ቀንሽን አስገብተሽ ሁለት ነገር እዪ፦ የኮንግረስ ዲስትሪክትሽ 6 መሆኑን፣ የፓርቲው ቦታ ደግሞ ምን እንደሚል። መቀየር ከፈለግሽ እዚያው ይቀየራል፣ ቀነ ገደብ ስላለው ግን ከፕራይመሪው ቀደም ብለሽ ጨርሺው። ለአጎትሽ ልጅም ንገሪያት።