የእናትሽን የድሮ ማስረጃ ለማውጣት፦ እኔ ላይ የደረሰው እንዳይደርስብሽ

«እናቴ ድሮ 5ኛ ክፍል ላይ አቁመዋል፤ አሁን ማታ መማር ይፈልጋሉ፤ ማስረጃቸውን እንዴት ላውጣ?» ላልሽው እህቴ። እኔ ለእናቴ ይህንኑ ጨርሻለሁ።

1. መጀመሪያ በማን ስም እንደተመዘገቡ ጠይቂያቸው። እኔ ሳልጠይቅ የመታወቂያዋን ስም ብቻ ይዤ ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ፣ ከዚያም ገጠር ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ። ሁለቴም «የለችም» ተባልኩ። የሪከርድ ክፍሉ ሰውዬ መዝገቡን እንኳ በደንብ ሳያገላብጥ «በዚህ ዕድሜዋ ደግሞ ምን ያደርግላታል?» አለኝ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. እናትሽን ይዘሽ ሂጂ። የኔዋ መሠረተ ትምህርት በ1971 ሲጀመር ልጅ ነበረች። ዘመቻው ቀበሌያቸው ሲደርስ ፊደል ቆጠረች። ትምህርት ቤት ልግባ ስትል ግን አያቴ «ውሃውን ማን ሊቀዳ?» አሉ። አጎቷ ናቸው እጇን ይዘው ወስደው እንደ ልጃቸው ያስመዘገቧት። በራሳቸው ስም! ይህን የነገረችኝ ሁለቴ ለፍቼ ከተመለስኩ በኋላ ነው። «መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች።

በሦስተኛው አብረን ሄድን። የ1976ን ሮስተር (የክፍሉን የተማሪዎች ውጤት መዝገብ) ራሷ ገለጠችው። 58 ተማሪ፣ ከዚያ ውስጥ 6 ሴት። እናቴ ከክፍሉ 2ኛ! ከስሟ አጠገብ በቀይ እስክሪብቶ «አቋርጣለች» ይላል። ምክንያት የለውም። ምክንያቱ ሰርግ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ መዳር ትችል ስለነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። 18 የሆነው በ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ ነው። እናቴ ቀዩ ጽሑፍ ላይ ጣቷን አድርጋ ቆየችና «እኔ መች አቋረጥኩ፣ አስቋረጡኝ እንጂ» አለች። ሰውዬው ተነስቶ ወንበሩን ሰጣት።

3. ስሙ ከመታወቂያው ስላልገጠመ ፍርድ ቤት ሄደን፣ በምስክር አንድ ሰው መሆኗን አስወስነን ነው የተመዘገበችው። አሁን ማታ 7ኛ ክፍል ናት። ሂሳብ አስጠናታለሁ፤ አማርኛውን ግን እሷ ናት እኔን የምታርመኝ።

አጎቷ በሕይወት ስለነበሩ አንዱ ምስክር እሳቸው ሆኑ። ከወራት በኋላ አረፉ። እናትሽ ሲማሩ የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ካሉ ዛሬውኑ ደውይላቸው።